ሂሳቧን የከፈለች አህያ

የኅዳር አመሻሽ ነው፤ ባንኮ ጎቲቲ፣ ጌዴብ ወረዳ፣ ጌዴኦ ዞን። የቡና ማድረቂያው አልጋ ሸራ ለብሷል፣ ለቃሚዎቹም ወደየቤታቸው ገብተዋል። ጡረታ የወጡ የእጅ ሥራ መምህር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የጎረቤት ልጅ ጥጉ የተሰነጠቀ ስልኳን ይዛ መጣች። ፊቷ ጥሩ አይደለም።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ተበላሸብኝ። አንዲት እሸት ቡና ከማድረቂያው አልጋ ላይ ተነስታ በራሷ ስትሄድ ላሳይ ብዬ 60 ፎቶ አነሳሁ። ቀጣጥዬ ሳጫውተው ግን ምድር ሰማዩ ይንቀጠቀጣል። ቡናዋማ መሄዷም አይታወቅ።

መምህር፦ እስቲ ላየው። (አይተው ሳቁ።) ቡናዋ ምንም አላጠፋችም፤ ያጠፋው ከእሷ በቀር ያለው ሁሉ ነው። ለመሆኑ የአህያን፣ የፍየልንና የውሻን ጨዋታ ታውቂያለሽ?

ልጅ፦ ታክሲ የተሳፈሩትን? ማን የማያውቅ አለ! አህያዋ ሂሳቧን ከፍላ ስለወረደች መኪና ቢመጣባት ንቅንቅ አትልም። ፍየሏ ሳትከፍል ስላመለጠች መኪና ስታይ ትሮጣለች። ውሻው መልሱን ስላልሰጡት እስከ ዛሬ መኪና ያባርራል። ታዲያ ይሄ ከእኔ ፎቶ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መምህር፦ በሁለት በኩል ይገናኛል። አንደኛ፣ ይህንኑ ጨዋታ አንቺ በሞከርሽው ዘዴ የሠራው ሰው አለ። እዝራ ውቤ ይባላል፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ኒው ዮርክ የሚኖር ሠዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሠራውን ፊልም «ሂሳብ» አለው። አንድ ሸራ ይወጥርና ይሥላል፤ ፎቶ ያነሳል፤ በዚያው ሥዕል ላይ ትንሽ ለውጦ ደርቦ ይሥላል፤ ደግሞ ያነሳል። የቀደመው ሥዕል ከሥር ተቀብሮ ይቀራል፣ የሚተርፈው ፎቶው ነው። ፎቶዎቹ ሲደረደሩ ታክሲው ይነዳል፣ ውሻው ይሮጣል። ስቶፕ ሞሽን የሚሉት ይህን ነው፤ በቆመ ፎቶ የሚሠራ እንቅስቃሴ።

ልጅ፦ ሁለተኛውስ?

መምህር፦ ስልክሽ እንደዚያች አህያ ይሁን። ሂሳቡን ከፍሎ የቆመ፣ ምን ቢመጣ የማይነቃነቅ። አንቺ ስታነሺ ስልኩን በእጅሽ ይዘሽ ነበር፣ አይደል?

ልጅ፦ አዎ። ግን እጄን አጥብቄ ነበር።

መምህር፦ ሰው ይተነፍሳል፤ የሚተነፍስ እጅ አይጠብቅም። ትንሽ ከረጢት አምጪና ደረቅ ቡና ሙዪበት፤ እስከ አፉ ሳይሆን ላላ አድርገሽ። ድንጋይ ላይ አስቀምጪውና ስልኩን በጎኑ ጫን አድርገሽ ትከዪው። ፍሬው እየተንሸራተተ የስልኩን ቅርጽ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ደግሞ በማድረቂያው አልጋ ላይ አትሥሪ፤ ሽቦው ጣትሽ በነካው ቁጥር ይረግባል። መሬት ላይ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይሁን።

ልጅ፦ ስልኩን ብተክለውስ፣ ለማንሳት ስነካው መልሶ ይነቃነቃል እኮ።

መምህር፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ታይመሩን በ3 ሰከንድ አድርጊው፤ ነክተሽው እጅሽን እስክታነሺ መንቀጥቀጡ ያልፍለታል። ወይም ባለ ገመድ ማዳመጫ ሰክተሽ የድምፅ መጨመሪያውን ተጫኚ፤ ብዙ ስልክ በእሱ ፎቶ ያነሳል። ኤሮፕሌን ሞድም አድርጊው። 40ኛው ፎቶ ላይ እናትሽ ቢደውሉና ስልኩ ቢርገበገብ፣ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ልጅ፦ የእኔው ደግሞ አንዴ ደመቅ አንዴ ጨለም ይላል።

መምህር፦ እሱ የእኛ ሰማይ ነው። ዛፉ ያጠላል፣ ደመናው ይመጣል ይሄዳል፣ ፀሐይ አንቺን ቆማ አትጠብቅሽም። ስለዚህ ማታ ሥሪ፤ በር ዝጊና አንድ የሶላር መብራት ከጎን አብሪ፣ እሱንም እንዳይነቃነቅ አስረሽ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቡናዋን በጣትሽ ተጭነሽ ቆዪ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ካልቆለፍሽው ስልኩ ብልህ ነኝ ብሎ በየፎቶው ይለዋውጥብሻል። ልብስሽም ጠቆር ያለ ይሁን፤ ነጭ ነጠላ ለብሰሽ ቀረብ ራቅ ስትዪ ብርሃኑን መልሶ ቡናዋ ላይ ይረጨዋል።

ልጅ፦ እንግዲህ ሁሉም ታሰረ። ቡናዋን እንዴት ላስኬዳት?

መምህር፦ በሂሳብ። ሲኒማ በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ ለእኛ 12 ይበቃናል። ቡናዋ 12 ሳንቲ ሜትር በሁለት ሰከንድ ትሂድ ብንል ስንት ፎቶ ነው?

ልጅ፦ 24። ስለዚህ በየፎቶው ግማሽ ሳንቲ ሜትር።

መምህር፦ ልክ ነሽ፤ ግን እንደዚያ ብታደርጊ እንደ ባቡር ትሄዳለች። ሕይወት ያለው ነገር ሲነሳ ቀስ ይላል፣ ሲቆምም ቀስ ይላል። የመጀመሪያዎቹን አራት እርምጃዎች 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሚሊ ሜትር አድርጊያቸው። የመጨረሻዎቹን አራት ገልብጪያቸው፤ 4፣ 3፣ 2፣ 1። የቀረውን 10 ሳንቲ ሜትር ለ16ቱ አካፍዪ፤ ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። ማስመሪያውን ካሜራው ከማያየው በኩል አጋድሚው።

ልጅ፦ እኔ ዝም ብዬ ነበር የምገፋት።

መምህር፦ አየሁት፤ የተጎተተች ትመስላለች። ክብ ነገር ይንከባለላል እንጂ አይንሸራተትም። እሸት ቡና ጫፏ ላይ እንብርት የመሰለ ምልክት አላት፤ እሱን ተከተዪ። 12 ሳንቲ ሜትር ለመሄድ ሁለት ዙር ተኩል ያህል ትዞራለች፤ በአማካይ በየፎቶው የዙር አንድ አሥረኛ ነው፤ እርምጃዋ ሲያጥር ግን ዙሯንም ቀንሺ። በራሷ እንዳትንከባለል ከሥሯ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ማስቲካ ለጥፊባት። ጣትሽንም ጥረጊ። እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣው «ኪንግ ኮንግ» ፊልም ላይ የጎሪላው ጸጉር ሲርመሰመስ ይታያል፤ ነፋስ እንዳይመስልሽ፣ አሻንጉሊቱን በየምስሉ የነካው ሰው ጣት ነው።

ልጅ፦ ቀረብ ብዬ ሳነሳት ግን ትደበዝዛለች።

መምህር፦ አብዛኛው ስልክ ከአንድ ስንዝር እኩሌታ ከቀረበ ዓይኑ ይፈዛል፤ እንደ እኔ ነው። (መነጽራቸውን አውልቀው አንዱን መስተዋት በስልኩ ካሜራ ፊት ያዙላት።) አሁንስ?

ልጅ፦ ውይ! ትንሽ ስቀርብም ጠራች። እንብርቷ ሳይቀር ይታያል።

መምህር፦ እኔ ደግሞ አሁን ምንም አላይም፤ ንገሪኝ እንጂ። አጉሊ መነጽር ካገኘሽ ደግሞ የበለጠ ያቀርባል፤ በፕላስተር አስሪው። ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በጣም ስትቀርቢ የሚጠራው ቀጭን ቦታ ብቻ ነው። ቡናዋ ጠርታ ከኋላዋ ያለችው ትደበዝዛለች። ስለዚህ ተዋንያንሽ ወደ ካሜራው አይምጡ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂዱ።

ልጅ፦ ስልክ እንደዚህ ያለ ነገር በእውነት ይችላል?

መምህር፦ በስልክ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 አርድማን የሚባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ በኖኪያ ስልክ ላይ የማይክሮስኮፕ ሌንስ ገጥሞ «ዶት» የተባለች ልጅ ፊልም ሠራ። ልጅቷ ቁመቷ 9 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከእሸት ቡናሽ ታንሳለች። እጅ እግሯ ሊታጠፍ ስለማይችል በየአቋቋሟ ብዙ ዶቶች አሠሩና አንዷን አንስተው ሌላዋን እየተኩ አነሱ።

ልጅ፦ እኛ በምን እናሠራለን?

መምህር፦ ማሠራት ለምን? ቡናችን ራሱ ሠርቶ ሰቅሎልሻል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ገና የሚቀላ አለ፣ ደም የመሰለ አለ። መጠናቸው የሚቀራረብ አሥራ ሁለት ፍሬ ልቀሚ፤ በቀለማቸው ደርድሪ፤ መጨረሻው ላይ ጠቆር ያለ ጀንፈል ጨምሪ። አንዱን አንስተሽ ሌላውን እዚያችው ምልክት ላይ እየተካሽ አንሺ። ወራት የሚፈጀው መብሰል በአንድ ሰከንድ አለቀ።

ልጅ፦ አንዷኑ ፍሬ አልጋ ላይ እስክትደርቅ በየቀኑ ባነሳትስ?

መምህር፦ እሱም ያምራል፤ ግን ሌላ ሙያ ነው። ሦስት ሳምንት በየቀኑ አንድ አንድ ብታነሺ 21 ፎቶ ነው፤ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። እዚያ የሚሠራው ጊዜ ነው፤ በስቶፕ ሞሽን የሚሠራው እጅሽ ነው። ይህን ካልለየሽ ጊዜ ሳትጠሪው ገብቶ ያበላሽብሻል፤ ከእንሰት ቅጠል ቤት ሠርተሽ ሁለት ሰዓት መብራት ሥር ብታቆዪው ጠውልጎ ይጠቀለላል፣ ፊልሙ ላይ ቤቱ የሚያለቅስ ይመስላል። ከደረቀው ሥሪ።

ልጅ፦ ጉንዳን ልጨምርበት አስቤ ነበር፤ ቡናዋን የሚሸከም።

መምህር፦ ይታዘዝሽ ይሆን? ከመቶ ዓመት በፊት ሊትዌንያ ውስጥ የሙዚየም ኃላፊ የነበረ ስታሬቪች የሚባል ሰው ሁለት ጢንዚዛ ሲጣላ ሊቀርጽ ፈለገ። መብራቱ ሲበራ ጢንዚዞቹ ፈዘዙበት። እሱም የሞቱትን ወስዶ እግራቸውን በቀጭን ሽቦ ተካና አንድ በአንድ እያነሳ አጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ1912 በጢንዚዛ ብቻ የሠራውን ፊልም ያዩ ሰዎች አሠልጥኗቸው ነው ብለው ያመኑ ነበሩ። አንቺም የሞተ ጉንዳን ፈልጊ፤ የቆመውን ጉንዳን አትለምኚው።

ልጅ፦ ከጀርባ ምን ላድርግ?

መምህር፦ ጓሯችሁን። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ የገባው ዛፍ፣ እንሰትና ቡና ተደራርበው በአንድ ጓሮ ስለሚያድጉበት ነው። ያንን ደርብ በትንሹ ሥሪው። ቡናሽ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ናት፤ የአንድ ሜትር ተኩል ልጅ ናት እንበልና አንድ ሳንቲ ሜትር እንደ አንድ ሜትር ይቆጠር። እንሰቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ጥላ ዛፉ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ልኩ ከጠበቀ ማንም ትንሽ ነው አይልሽም። ድምፁን በኋላ ቅጂው፤ የሙቀጫ ድምፅ ብቻ ቢሆን ቡናዋ ክብደት ታገኛለች።

ልጅ፦ አፑስ?

መምህር፦ ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የሚባለው በነፃ የሚወርድ አለው። ያለፈውን ፎቶ ፈዘዝ አድርጎ ከአዲሱ ላይ ይደርብልሻል፤ ቡናዋ ምን ያህል እንደሄደች ታያለሽ። አንዴ ከወረደ ለማንሳት ኔትወርክ አይፈልግም።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መምህር፦ ለአንድ ፎቶ አንድ ደቂቃ ብትወስጂ፣ 10 ሰከንድ ፊልም 120 ፎቶ ነው፤ ሁለት ሰዓት። አልጋው ዳር የሚለቅሙትን እናቶች አይተሻል? ጠዋት ከማታ ፍሬ በፍሬ ነው የሚያዩት። የባንኮ ጎቲቲ ስም ባሕር ማዶ የቡና ከረጢት ላይ ተጽፎ ይነበባል፤ እጃቸውን ግን ያየው የለም። የመጀመሪያ ፊልምሽ እሱን ያሳይ፤ ቋንቋውም የጌዴኦ ይሁን።

ልጅ፦ ዛሬ ማታ 120ውን እጨርሳለሁ!

መምህር፦ ተይ፣ 24 ብቻ አንሺ። ነገ ስታመጪልኝ መጀመሪያ የማየው ቡናዋን አይደለም፤ ከጀርባዋ ያለውን ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ንቅንቅ ካላለ ፊልም ሠርተሻል። አሁን መነጽሬን መልሺልኝ።