ያረጀ ሁሉ ሰደቃ አይሆንም



ዒድ ሲቃረብ፣ የትምህርት ዘመን ሲጀመር ወይም ቤት ሲቀየር በየጓዳው የተከማቸው ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። የጠበበ ልብስ፣ እግሩ የላላ ወንበር፣ የማይሠራ ሬዲዮ፣ በግማሽ የቀረ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ያበጠ የሞባይል ባትሪ፣ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን በአንድ ክምር ይሰበሰባሉ። ከዚያም አንዲት ቃል ትነገራለች፤ «ለየቲሞች ይሰጥልን»። ቃሏ መልካም ናት፤ ኒያውም የተወደደ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ አንድ ክምር ውስጥ ለየቲም ቤት በረከት የሚሆነው፣ ለቁራሌው የሚሸጠውና ሕፃንን ለሞት ሊያበቃ የሚችለው ተቀላቅለው ይገኛሉ። የዚህ ትምህርት ዓላማ ክምሩን በሥርዓት ለይተን እያንዳንዱን ወደሚገባው ስፍራ እንድናደርስ መርዳት ነው።

የተጣለ ነገር አይጠፋም

ዕቃ ከደጃፋችን ሲወጣ ከዐይናችን ይሰወራል እንጂ ከምድር ላይ አይጠፋም። በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ረጲ በተባለው አካባቢ የሚገኘውና ሕዝቡ «ቆሼ» ብሎ የሚጠራው ስፍራ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከተማይቱን ጥራጊ ሲቀበል ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ቁልል ተደርምሶ በግርጌው በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችን ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ስፍራ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የዕለት ጉርሳቸውን የሚያገኙ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። እኛ በፌስታል ቋጥረን የምንጥለውን ጠርሙስና መርፌ በባዶ እጃቸው የሚፈቱት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እንቅፋትን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አስተምረዋል። እንቅፋትን ማንሳት ከኢማን ከሆነ፣ የእኛን እንቅፋት በሌላው መንገድ ላይ ማኖር ከምን ሊቆጠር ነው? የአገራችን ሕግም ጉዳዩን ችላ አላለውም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቤተሰቦች እንደገና ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ከሚወገደው እንዲለዩ ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን፣ ማለትም ፌስታልን፣ የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል።

የሚሰጥ ዕቃ መለኪያው ምንድን ነው?

በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 267 ምእመናን ካገኙት መልካም ነገር እንዲለግሱና ለራሳቸው ቢሰጣቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ካልሆነ በቀር የማይቀበሉትን ነገር መርጠው እንዳይሰጡ ታዘዋል። ከዚህ ትእዛዝ አንዲት ቀላል መለኪያ ትወጣለች፦ ይህን ልብስ የገዛ ልጄን አልብሼ ትምህርት ቤት እልከዋለሁን? መልሱ «አዎን» ከሆነ ዕቃው ይሰጣል። «አይሆንም» ከሆነ ዕቃው ሰደቃ ሳይሆን ጥራጊ ነው፤ ሸክሙን ወደ ድሃው ቤት ማዛወር ደግሞ ልግስና ሊባል አይችልም።

የሚሰጥ ልብስ ታጥቦ፣ ቁልፉና ዚፑ ተጠግኖ፣ ተጣጥፎ ይሰጥ። ጫማ ጥንዱ ሳይጎድል፣ ቁጥሩ ተጽፎበት ይሰጥ። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ካውያና ምድጃ አስቀድመው በባለሙያ ይፈተሹ፤ ሽቦው የተላጠ ምጣድ ወይም ነዳጅ የሚያንጠባጥብ የጋዝ ምድጃ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከልጆቿ ጋር ለምትኖር እናት የእሳት አደጋ ነው። በፍራሽና በብርድ ልብስ ላይ ትኋን አለመኖሩ ይረጋገጥ። ከሁሉም በፊት ግን እናቲቱ የሚያስፈልጋት ምን እንደሆነ በአክብሮት ትጠየቅ። ደብተር ያጣ ልጅ ሦስተኛ ኮት ቢመጣለት ችግሩ አልተቃለለም።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የምትገኙ ወንድሞችና እኅቶችም ይህን አስቡበት። በድሬዳዋ ሙቀት ለሚኖር ልጅ የበረዶ ካፖርት ማጓጓዝ ለዕቃው ከሚገባው በላይ ወጪ ሊያስከትል ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዕቃው እዚያው ተሸጦ ገንዘቡ ቢላክ፣ ልጁም የሚስማማውን ከአገሩ ገበያ ቢገዛ የተሻለ ይሆናል።

የሟች ንብረት የየቲሙም ሐቅ ነው

በብዙ ቤቶች የሚፈጸም፣ ነገር ግን ጥቂቶች ብቻ የሚያስተውሉት ስሕተት አለ። የቤቱ አባት በሞተ በሳምንቱ ዘመድ ተሰብስቦ ልብሱን፣ ጫማውንና የሥራ መሣሪያውን «ለነፍሱ ሰደቃ» ብሎ ያከፋፍላል። ይሁንና ሰውየው ከሞተበት ቅጽበት ጀምሮ ያ ዕቃ ውርስ ሆኗል። ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ የቀረው የወራሾች ነው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችም በእያንዳንዱ ዕቃ ውስጥ ድርሻ አላቸው። አዋቂ ወራሾች ከየድርሻቸው ሰደቃ ማውጣት ይችላሉ፤ የሕፃኑን ድርሻ ግን አጎትም ሆነ እናት በሰደቃ ስም ሊሰጡበት አይፈቀድላቸውም። ሱረቱ አን-ኒሳእ በአንቀጽ 2 የየቲሞችን መልካም ንብረት በመጥፎ መለወጥን ያስጠነቅቃል። ስለዚህ የአናጢውን መጋዝ፣ የልብስ ሰፊውን መኪና ወይም የባለሱቁን ሚዛን ከመስጠታችሁ በፊት ዝርዝሩ ይጻፍ፣ ዋጋው ይገመት፣ ዐዋቂ ዑለማእ ይጠየቁ። ለጎረቤት «አሮጌ መኪና» የመሰለው ነገር ለልጁ የነገ እንጀራው ሊሆን ይችላል።

የሚሸጥና የሚታደስ

ለመልበስም ለመገልገልም የማይበቃ፣ ጉዳት ግን የሌለው ዕቃ ደግሞ ዋጋ አለው። ቁራሌው በየሠፈሩ እየዞረ ብረታ ብረት፣ ጠርሙስና ፕላስቲክ ይገዛል፤ የልዋጭ ነጋዴዎች አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው አዲስ ሳፋ ወይም ባልዲ ይሰጣሉ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የዛገ በርሜልና ቆርቆሮ በባለሙያዎች መዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃና ሌላም የቤት ዕቃ ይሆናል። ያለቀ የመኪና ጎማም በረባሶ ጫማ ይሠራበታል። እነዚህ ወገኖች ለከተማችን ንጽሕና የሚሠሩትን ሥራ ማክበር፣ ዕቃውንም ንጹሕና የተለየ አድርጎ መስጠት ይገባል። የተሰበረ ጠርሙስ በወፍራም ወረቀት ተጠቅልሎ «ስባሪ» ተብሎ ይጻፍበት።

በዚህ ክፍል ሁለት ነገሮችን እንጠንቀቅ። አንደኛው፣ መዳብ ለማውጣት ሲባል የኤሌክትሪክ ሽቦን ማቃጠል ነው። የሽቦው ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ሊያወጣ ይችላል፤ ጢሱንም አብዝተው የሚስቡት በዙሪያው የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ሁለተኛው የጽሑፍ አክብሮት ነው። የቁርኣን አንቀጽ ወይም የአላህ ስም የተጻፈበት ወረቀት ለበርበሬ መጠቅለያ አይሸጥም። ለንባብ የማይበቃ ሙስሐፍ በንጹሕ ስፍራ ይቀበራል፤ ወይም ኸሊፋው ዑሥማን (ረ.ዐ.) ቁርኣንን በአንድ ባሰባሰቡ ጊዜ በሌሎቹ ቅጂዎች ላይ እንዳደረጉት በክብር ይቃጠላል።

የማይሰጥ፣ የማይሸጥ፣ በዘፈቀደም የማይጣል

መድኃኒት፦ የተረፈ መድኃኒት ለሌላ ሕመምተኛ አይሰጥም። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መድኃኒት ቤት ወስዶ መቀበል ይችሉ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የሚቀበል ካልተገኘ ኪኒኑን ከማሸጊያው አውጥቶ ከቡና አተላ ወይም ከአፈር ጋር መደባለቅ፣ በታሸገ ዕቃ አድርጎም ከቤት ጥራጊ ጋር ማስወገድ ይቻላል። የስኳር ሕመምተኞች መርፌ ግን በወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ለምሳሌ በባዶ የበረኪና ጠርሙስ ተከድኖ ለጤና ተቋም ይመለስ።

ባትሪ፦ በሰዓትና በመጫወቻዎች ውስጥ የምትገኘው ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ ሕፃን ቢውጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። ይህ ከደረሰ ልጁን ለማስመለስ ሳይሞከር በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ያለቀችው ባትሪ በሁለቱም ገጽ በፕላስተር ተሸፍና ከልጆች እጅ ትራቅ። ያበጠ የሞባይል ባትሪ አይበሳ፣ አይጫን፣ ከእሳት ይራቅ። የመኪና ባትሪ አሲድና ሊድ የተባለውን ብረት ይዟል፤ ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልታወቀለትም። ስለዚህ በግቢ ውስጥ አይፈታ።

አምፖል፦ ጠምዛዛው ኃይል ቆጣቢ አምፖል በውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ አለው። ቢሰበር ልጆችን አስወጥቶ መስኮት መክፈትና ክፍሉን ማናፈስ ያስፈልጋል። ከዚያም በመጥረጊያ ሳይጠረግ በጠንካራ ወረቀት ተሰብስቦ በክዳን ዕቃ ይታሸግ።

የፀረ ተባይ ዕቃ፦ የመርዝ ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለወተት አይሆንም። ተበስቶ ከጥቅም ውጪ ይደረግ። መርዝ በቀላሉ እንደማይጠፋ ለመረዳት የአገራችንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1990ዎቹ (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) በየመጋዘኑ ጊዜው ያለፈበት፣ ከሺህ ቶን የሚበልጥ የፀረ ተባይ መድኃኒት ተሰብስቦ በመርከብ እስከ ፊንላንድ ተጉዞ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ተደርጓል።

ማቀዝቀዣ፦ በግቢ የተጣለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ የሚደበቅ ልጅ በሩ ቢዘጋበት ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ ከማስወጣታችሁ በፊት በሩን ንቀሉት።

ጀመዓው ምን ያድርግ?

አንድ ቤት ብቻውን የሚያደርገው ጥቂት ነው፤ ሠፈር ሲተባበር ግን ብዙ ይሠራል። በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ይወሰን። በመስጊዱ ወይም በእድሩ ግቢ «የሚሰጥ»፣ «የሚሸጥ»፣ «አደገኛ» የሚል ጽሑፍ ያላቸው ሦስት ስፍራዎች ይዘጋጁ። ሁለት ታማኝ ሰዎች መዝጋቢ ይሁኑ፤ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ በሕዝብ ፊት ተቆጥሮ በደረሰኝ ለየቲሞች ገንዘብ ይግባ። አደገኛውን የሚዳስሱት ጓንት ያጠለቁ ዐዋቂዎች ብቻ ይሁኑ፤ የት እንደሚወሰድም ቀኑ ሳይደርስ ከወረዳው የጽዳት ጽሕፈት ቤት ጋር ስምምነት ይደረግ። ለየቲሞች የተመረጠው ዕቃም በአደባባይ ሳይሆን ቤታቸው ድረስ በጨዋነት ይድረስ፤ የተቀባዩ ልጅ ፎቶግራፍ አያስፈልግም።

ለቤተሰብ ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ዓመት ከሰጠነው ዕቃ ለራሳችን ልጅ የማንሰጠው ነበረን?
2. በቤታችን ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትና ያለቀ ባትሪ የት ተቀምጧል? ሕፃን ሊደርስበት ይችላልን?
3. በዘመዶቻችን መካከል የሟች ንብረት ሳይጻፍ የተከፋፈለበት ቤት አለን? ለየቲሞቹ ድርሻ መመለስ የሚችል ምንድን ነው?

ውድ አንባቢያን! የምንሰጠው ዕቃ የቤታችንን መልክ ይዞ ይሄዳል። የታጠበ ልብስ የለበሰ የቲም እንደ ማንኛውም ልጅ ቀና ብሎ ይራመዳል፤ የተቀዳደደ ጨርቅ የተላከለት ልጅ ግን ድህነቱ ይነገረዋል። አላህ (ሱ.ወ.) ከመልካሙ የሚሰጡ፣ ጉዳትንም ከወገን መንገድ የሚያነሱ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።