በልደት ቀን ባለውለታን ማሰብ

ጥር 29 ቀን 1997 መስቀል አደባባይ በሕዝብ ተጥለቀለቀ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2005 መሆኑ ነው። ቦብ ማርሊ በሕይወት ቢኖር ኖሮ በዚያ ዕለት 60 ዓመት ይሞላው ነበር፤ ባለቤቱ ሪታና ልጆቹም ልደቱን ሊያከብሩለት አዲስ አበባ መጡ። ሰውየው በ36 ዓመቱ ነበር ያረፈው። ልደቱን ግን የሚያከብርለት አላጣም።

ቀኗ የቦብ ብቻ አይደለችም። የአሜሪካው የቤዝቦል ንጉሥ ቤብ ሩት በ1895፣ ከፊልም ተዋናይነት ተነሥቶ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬጋን በ1911፣ ፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ፍራንስዋ ትሩፎ በ1932፣ ድምፃዊቷ ናታሊ ኮል በ1950 የተወለዱት በዚችው ዕለት ነው (ዓመታቱን ከዚህ ወዲያ በአውሮፓውያን እቆጥራለሁ)። ዛሬ ሁሉም በሕይወት የሉም። ቀኗ ባለዕድል ብትሆን ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የአብዛኞቹን ታሪክ ገጽ ስትገልጡ ከዝናው ጀርባ ስሙ ብዙም የማይነሣ አንድ ባለውለታ ብቅ ይላል። ደስ የሚለው ደግሞ እነሱም ያንን ሰው አልረሱትም።

ትሩፎን ልጅ ሳለ እንየው። በ14 ዓመቱ ትምህርት አቋርጧል። ውሎው የፓሪስ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ነው። በ16 ዓመቱ የፊልም ክበብ ልክፈት ብሎ ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ፤ ያሳደገው አባቱም መላ ቢያጣ ለፖሊስ አሳልፎ ሰጠው። ከጥፋተኛ ልጆች ማቆያ ያስወጣው አንድሬ ባዛን የሚባል የፊልም ሐያሲ ነው። በዚህ አላበቃም። ልጁ ወታደር ቤት ገባ፣ ከዚያም ኮበለለ፣ ተይዞም ታሰረ። አሁንም ባዛን ደረሰለት። ማስፈታት ብቻ አይደለም፣ ከሚስቱ ጋር የሚኖርበት ቤት አስጠግቶ አኖረው፤ ስለ ፊልም እንዲጽፍም በር ከፈተለት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የወደቀን ሰው አንድ ጊዜ ማንሣት ብዙዎቻችን እናደርገዋለን። ያው ሰው ተመልሶ ሲወድቅ ነው የሚከብደን፤ ያኔ «ድሮም ነግሬህ ነበር» የሚለው ቃል አፋችን ላይ ይመጣል። ባዛን ለዚያ ልጅ በሁለተኛውም ጊዜ ሄደለት። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይኼ ነው፤ እናንተም ሁለተኛ ዕድል የሰጣችሁ ሰው ካለ አሁኑኑ ፊቱ ድቅን እንደሚልባችሁ እርግጠኛ ነኝ።

ትሩፎ ብዕሩ ስለት ነበረው። ብዕሩ ብዙ ሰው አስቀይሞ በ1958 የካን ፊልም ፌስቲቫል ደጁን ዘጋበት። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሙን መቅረጽ ጀመረ፤ ባዛን ገና በ40 ዓመቱ በደም ካንሰር ያረፈው ቀረጻው በተጀመረበት ዕለት ሌሊት ነው። ፊልሙ መታሰቢያነቱ ለእሱ ሆነ። በዓመቱ ትሩፎ ወደዚያው ካን ተመለሰና የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማትን ወሰደ። የፊልሙ ዋና ተዋናይ ዣን ፒየር ሊዮ የ14 ዓመት አስቸጋሪ ልጅ ነበር። ትሩፎ ባዛን ለእሱ እንደሆነለት ለዚህ ልጅ ሆነለት፤ እስከ 1979 ድረስ ያንኑ ገጸ ባሕርይ በ5 ፊልሞች እያጫወተ አሳደገው።

ቤብ ሩት ደግሞ የባልቲሞር መጠጥ ሻጭ ልጅ ነው። መንገድ ለመንገድ መዋል ስላበዛ ገና በ7 ዓመቱ የካቶሊክ ገዳማውያን ወደሚያስተዳድሩት ቅድስት ማርያም የወንዶች ትምህርት ቤት ገባ። የተማረው ሙያ ሸሚዝ መስፋት ነበር። እዚያ ወንድም ማቲያስ የሚባሉ ግዙፍ መነኩሴ ነበሩ፤ የቤዝቦሉን ዱላ በአንድ እጃቸው ይዘው ኳሷን ሰማይ ለሰማይ ሲሰዷት ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩ ነበር። ሩት አመታቱን ከእሳቸው ቀዳ፤ ሩጫውን ሳይቀር። በ1914 ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ወደ ፕሮፌሽናል ቡድን ሄደ፤ ጫማውን እስኪሰቅልም ሆም ራን የሚባለውን፣ ኳሷን ከሜዳ ውጭ የሚያሻግረውን ምት 714 ጊዜ መታ።

በ1919 ትምህርት ቤቱ በእሳት ጋየ። በሚቀጥለው ዓመት ሩት በኒው ዮርክ ያንኪስ የመጀመሪያ ዓመቱን ይጫወት ነበር፤ ስሙ በየጋዜጣው ላይ ነው። ምን አደረገ መሰላችሁ? የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ ጓድ ልጆች ከቡድኑ ጋር በባቡር ይዟቸው ዞረ። ልጆቹ መለከትና ከበሯቸውን ይዘው በየስታዲየሙ እየተጫወቱ ለመልሶ ግንባታው ገንዘብ አሰባሰቡ። ለማቲያስም ካዲላክ መኪና ገዛላቸው።

ናታሊ ኮል 15 ዓመት በሞላት በ9ኛው ቀን አባቷን ናት ኪንግ ኮልን በሳምባ ካንሰር አጣች። ዘፋኝ ስትሆን የአባቷን ዘፈኖች ለብዙ ጊዜ ሸሸቻቸው። በራሷ መንገድ ታወቀች፣ በአደንዛዥ ዕፅ ተሰናከለች፣ በ1983 ታክማ ተነሣች። በ1991 ግን ወደ አባቷ ተመለሰች፤ «አንፎርጌተብል» የተሰኘውን ዘፈን እሱ በሕይወት ሳለ ከቀዳው ድምፅ ጋር አብራው ዘፈነች፤ አልበሙም የዓመቱን አልበም የግራሚ ሽልማት አገኘ። ሽሽቱ ነውር አልነበረም። ወደ ባለውለታ መመለስ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል።

ቦብስ? ትሬንችታውን በሚባለው የኪንግስተን ድሃ ሰፈር ጆ ሂግስ የተባለ ዘፋኝ ግቢው ውስጥ ለሰፈር ልጆች ድምፅ ማዋሃድን ያስተምር ነበር፤ ከእነዚያ ልጆች አንዱ የብየዳ ሥራ ይለማመድ የነበረው ቦብ ነው። በዚያው ሰፈር ቪንሰንት ፎርድ የተባለ ሰው ለተራበ ሾርባ ያበላ ነበር። የቦብ ዘፈን «ኖ ውማን ኖ ክራይ» ሲመዘገብ በደራሲነት የሰፈረው የዚህ የፎርድ ስም ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልደት እንምጣ። ቀኑን በትክክል የማታውቁ ከሆነ አትጨነቁ፤ ሩት ራሱ በ1934 ፓስፖርት ሊያወጣ ሲል ነው የልደት ቀኑን ሲሳሳት እንደኖረ ያወቀው። እኛ ዘንድም «በእንትና ተዝካር ሰሞን» ተብሎ የተነገረው ስንቱ ነው! ቀን ምረጡና ያዙ። ኬክም ሆነ ድፎ ዳቦ ይቆረስ፤ ደስታ ነው፣ ይጨመርበት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ወረቀት አውጡና ያነሷችሁን ሰዎች ስም ጻፉ። ደብተር የገዛላችሁን አጎት፣ ከክፍል ስትባረሩ ርእሰ መምህሩን የለመኑላችሁን መምህር፣ ዱቤ የሰጠቻችሁን ባለሱቅ፣ ዐረብ አገር ሆና የከፈለችላችሁን እህት። ያደረጉትን ነገር በስሙ ጥሩት። «ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» አይበቃም፤ «ስምንተኛ ክፍል ሆኜ የትራንስፖርቴን ስለከፈልክልኝ» በሉ።

ያረፉም ይኖራሉ። ለእነሱ ትሩፎ ያደረገው አለ፤ እናንተ በዚያ ዕድሜ የነበራችሁበት ቦታ ላይ ዛሬ የቆመ አንድ ልጅ ፈልጉ። ሰፈራችሁ ውስጥ አይጠፋም። ምናልባት አንድ ጊዜ ረድታችሁት ያሳፈራችሁ ልጅ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ከእሱ ጀምሩ።

በሕይወት ላሉት ግን ዛሬውኑ ደውሉ። የመምህራችሁ ስልክ ከሌላችሁ የድሮ ትምህርት ቤታችሁ ጎራ በሉና ዘበኛውን ጠይቁ፤ ዘበኛው ባያውቅ እንኳ የሚያውቅ ሰው ያውቃል።