ካምፓላ ለገባው የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ካባላጋላ ከገባህ ሦስት ወር ሞላህ። ማታ ሙዚቃው ሲደምቅ ብቻህን ክፍልህ መቀመጥ እንደሚከብድህ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ሰፈር ብቻዬን ኖሬበታለሁ። ስለ አባላዘር በሽታ አባትህ አፍሮ የማይነግርህን እኔ ልንገርህ።

1. ወንድን በሽታው ብቻ ሳይሆን መደበቁም ይጎዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2016–17 በተደረገው የኡጋንዳ አገር አቀፍ ጥናት ኤችአይቪ በአዋቂ ሴቶች 7.6፣ በወንዶች 4.7 ከመቶ ነበር። ይህን ሰምተህ እንዳትዘናጋ። ቫይረሱ ካለባቸው ሴቶች 63 ከመቶ ያህሉ በመድኃኒት አዳክመውታል፤ ከወንዶቹ ግን 54 ከመቶ ያህሉ ብቻ። ሴት ስታረግዝ ለክትትል ትሄዳለች፣ ደሟ ይታያል። እኛን እጃችንን ይዞ ሐኪም ቤት የሚያስገባ ነገር የለም። በራስህ እግር ሂድ፤ ሳያምህም ሂድ።

2. ጨብጥ ቢይዝህ በድብቅ ክኒን ገዝተህ አትዋጥ። እኔ በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ። ሻጩ ቀይና ቢጫ እንክብል በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን መግሉ ሲቆም ዳንኩ ብዬ የተረፈውን ጣልኩት። ከወር በኋላ ሽንቴ እንደ እሳት እየለበለበኝ ተመለሰብኝ። በመሃል አብራኝ የነበረችው ልጅ ምን እንደደረሰባት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው። ካምፓላ ውስጥ ደግሞ ጨብጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን መድኃኒት ከለመደው ቆይቷል። ሴፍትሪያክሶን መርፌ ይሁን ሌላ፣ ሐኪሙ ይወስን።

3. «እኔ የተገረዝኩ ነኝ» አትበለኝ። እዚሁ አገር ራካይ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት፣ ግርዛት ወንድ ከሴት ኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሌላው ግማሽ አለ። ከቂጥኝ ደግሞ መገረዝ እንዳላዳናቸው እዚያው ራካይ ታይቷል።

4. የቂጥኝ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አያምም። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይደርቃል፣ በሽታው ግን ደም ውስጥ ይቀራል። ክላሚዲያም ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም።

5. ኮንዶም ሳትይዝ አትውጣ። ቢቀደድ ወይም ብትዘነጋ፣ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከዚያ 28 ቀን ይዋጣል። ቅዳሜ ማታ የሆነ ነገር ሰኞን አይጠብቅም፣ እሑድ ጠዋት ተነሥ።

6. በሽታ ቢገኝብህ አብራህ ለነበረችው ሴት ንገራት። ዘፋኙ ፊሊ ሉታያ ከስዊድን ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤችአይቪ እንዳለበት በአደባባይ ተናገረ፤ ሰው በሽተኛን በሚሸሽበት ዘመን ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን እየዞረ አስተማረ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዐረፈ። ከአንተ የሚፈለገው ለአንዲት ሴት መናገር ነው። አንተ ብቻ ታክመህ እሷ ከቀረች መልሳ ትሰጥሃለች፤ ያልታከመ ጨብጥ ደግሞ እሷን መካን ሊያደርጋት ይችላል።

7. ለምርመራ ሙላጎ ሆስፒታል ብቻህን መግባት ከከበደህ ደውልልኝ። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ የለኝም። ካንሳንጋ መንገድ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ በአንድ ታክሲ እንሄዳለን። እኔም ደሜን አብሬህ እሰጣለሁ።