በገላጭ ድርሰት የግስ አመራረጥ

ስለ አንድ ሕንፃ ስትጽፉ አስቀድማችሁ የምትመርጡት ቅጽል ሳይሆን ግስ ነው፤ የአሠራሩን ስልት የሚናገረው ግሱ ነውና።

በየካ ኮረብታ የሚገኘውን የዋሻ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን እንውሰድ። «ዋሻ ሚካኤል ከድንጋይ ተገነባ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም፤ ይሁን እንጂ ሐሰት ነው። በዚያ ስፍራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተደረበም። ጠራቢዎቹ አለቱን እየፈለፈሉ ትርፉን አወጡ፤ ግድግዳ የሆነው ሳይነሣ የቀረው ነው። ግንበኛ ያልተስማማውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ፈልፋይ ግን አንድ ጊዜ የቆረሰውን አይመልስም። ይህን ጥንቃቄ ለአንባቢ የሚያደርሰው «ተወቀረ» የሚለው ግስ ነው። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናትም «ውቅር» የተባሉት ስለዚሁ ነው።

ከየካ ወደ እንጦጦ ስንሻገር ግሱ ይለወጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ባሠሩት ቤተ መንግሥት ግድግዳው በጭቃ ተመርጓል፤ ጣራው በሣር ተከድኗል።

ከአገራችን ውጭ ደግሞ የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ዮንግሌ እ.ኤ.አ. ከ1406 እስከ 1420 በቤይጂንግ ያሠራውን ቤተ መንግሥት ተመልከቱ። የአዳራሾቹን ከባድ ጣራ የሚሸከሙት የእንጨት ምሰሶዎች እንጂ ግድግዳዎቹ አይደሉም። ምሰሶውና አግዳሚው እርስ በርስ እየተሰካካ «ተዋቀረ»።

«ተወቀረ» እና «ተዋቀረ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ መሆኑን ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው መቀነስን፣ ሁለተኛው መገጣጠምን ያመለክታል።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ የቆየ ቤት መርጣችሁ አሠራሩን በአንድ አንቀጽ ግለጹ። «ተሠራ» በሚለው ግስ አትጠቀሙ።