ነባር ድራይቨርን ለአዲስ ሃርድዌር ማስፋት፦ የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶች ተሞክሮ

ድራይቨር የሊኑክስ ከርነልን ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ የፒሲአይ መሣሪያ የአምራቹንና የሞዴሉን መለያ ቁጥር ይይዛል፤ ድራይቨሩም የሚያውቃቸውን ቁጥሮች በሰንጠረዥ ይመዘግባል። ስለዚህ አዲስ ካርድ ሲመጣ በቅድሚያ የሚታሰበው በሰንጠረዡ አንድ መስመር መጨመር ነው። የካርዱ የሬጂስተር አደረጃጀት ከቀድሞው ጋር አንድ ከሆነ ይህ ይበቃል። ካልሆነ ግን ከርነሉ ካርዱን ቢያውቀውም የተሳሳተ ትእዛዝ ሊሰጠው ይችላል።

የኢንቴል ጊጋቢት ካርዶች ድራይቨር የሆነው ኢ1000 ለዚህ ማሳያ ነው። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ቺፖች ሲመጡ ለእነርሱ ብቻ የሚያገለግሉ ቅድመ ሁኔታዎች በዚያው ኮድ ውስጥ ተደራረቡ፤ ለአዲሱ የተደረገ ለውጥም አሮጌውን ሊያውክ የሚችል ሆነ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 በወጣው ከርነል 2.6.24 ኢ1000ኢ የተባለ ራሱን የቻለ ድራይቨር ተጨመረ። አዳዲሶቹ ቺፖች በሂደት ወደ እርሱ ተዛወሩ፤ ኢ1000 ለነባሮቹ ቀረ።

መለየቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በሁለቱም ድራይቨሮች የሚገኝ ስሕተት ሁለት ጊዜ መታረም አለበት። ስለዚህ መመዘን ያለበት የልዩነቱ ዓይነት ነው። ልዩነቱ በጥቂት ተግባራት ከተወሰነ፣ እነርሱን በቺፑ ዓይነት በሚመረጥ የፈንክሽን ሰንጠረዥ ማስተናገድ ይበቃል። መላውን አሠራር ከነካ ግን አዲስ ድራይቨር መጻፍ ይሻላል። በየትኛውም መንገድ፣ አሮጌና አዲስ ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን በሚያገለግሉበት ቤተ ሙከራ፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ካርድ ዛሬም መሥራቱ ሳይረጋገጥ ሥራው ተጠናቀቀ ሊባል አይችልም።