የተማሪው ዕዳ

የዛሬ ንባብ፦ 2ኛ ነገሥት 4፥1–7



የዛሬው ታሪክ የአንዲት መበለት ታሪክ ነው። ባሏ ከነቢያት ልጆች አንዱ ነበር፤ ከነቢያት ጉባኤ ጋር የሚኖርና የሚማር ሰው ማለት ነው። እግዚአብሔርን ይፈራ ነበር። ሆኖም ዕዳ ጥሎ ሞተ፤ አበዳሪውም ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። እንግዲህ ዕዳ ያለበት ሁሉ እምነት የጎደለው ሰው አይደለም።

ይህ ነገር በካምፓችንም አለ። ስኮላርሺፕ የትምህርቱን ክፍያ ቢሸፍን እንኳ ተማሪ ለመንገድ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ ይበደራል፤ ከዘመድ፣ ከባለሱቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወንድም። ተመርቆ ሲመለስ የሚያገኘው ሥራ ኢንሴንቲቭ ነው፤ እሱም ከወር ወር አያደርስም። ያኔ ልጁ በሱቁ በር ማለፍ ይተዋል። ስልክ ሲደወልለት አያነሳም። አበዳሪው እሁድ አጠገቡ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ከጉባኤ ይቀራል። ዕዳው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ወንድሙንም ወሰደበት።

መበለቲቱ ምን አደረገች?

1. አልተደበቀችም። ወደ ኤልሳዕ ሄዳ ችግሯን ተናገረች። አንተም ባለሱቁ ሳይፈልግህ ቀድመህ ሂድ። “ዛሬ ሙሉውን የለኝም፤ ግን አልካድኩህም” በለው። የሚያናድደው የገንዘቡ መዘግየት ብቻ አይደለም፤ ዝምታውም ነው እኮ።

2. ያላትን ቆጠረች። ኤልሳዕ በቤቷ ያለውን ጠየቃት። የነበራት አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ነው፤ ሥራው ግን ከዚያ ጀመረ። አንቺም የማንን ምን ያህል እንዳለብሽ በአንድ ወረቀት ጻፊ። ዕዳው 18,000 ሺሊንግ ነው እንበል። በወር 1,500 ቢከፈል በ12 ወር ያልቃል። የከፈልሽውን በየጊዜው በዱቤ ደብተሩ ላይ አስጽፊ።

3. ጎረቤቶቿ ረዷት። የተዋሰችው ባዶ ማድጋ ነው፤ ሌላ ብር አልተበደረችም። የሱቅ ዕዳ ለመክፈል የስልክ ብድር የሚወስድ ሰው ዕዳውን ከነክፍያው ቦታ አዛወረው እንጂ አልቀነሰውም። ጎረቤት ማስጠናት የሚፈልግ ልጅ ካለው፣ ወይም ጥቂት ሰዓት ሥራ ካለው፣ እሱ ነው ባዶ ማድጋው።

4. አስቀድማ ከፈለች። እዚህ ላይ ቆም እንበል። እግዚአብሔር ዕዳውን በተአምር አልሰረዘውም። ዘይቱን ሰጣት፤ እሷም ሸጣ ለአበዳሪው ከፈለች፣ በቀረው ከልጆቿ ጋር ኖረች። ከእኛ መካከል “ስሜ ለሪሴትልመንት ከወጣ ዕዳው እዚሁ ይቀራል” የሚል ይኖራል። ባለሱቁም እኮ ስደተኛ ነው። ዕቃውን ያመጣው እሱም በዱቤ ሊሆን ይችላል። እግዚአብሔር በር ቢከፍትልህ፣ በሩ ወንድምህን ጥለህ የምታመልጥበት አይደለም።

ለአበዳሪዎችም ቃል አለ። ዘዳግም 24፥10–13ን አንብቡ። አበዳሪ መያዣ ለመውሰድ ወደ ሰው ቤት አይገባም፤ የድሀውንም ልብስ ይዞ አያድርም። የሰው ራሽን መቀበያ ካርድ ወይም ሲም ካርድ ይዞ ማቆየት ከዚያ በምን ይለያል? ሰውየው የሚበላበትን ይዘህ እንዴት ይክፈልህ?

የመወያያ ጥያቄዎች

– በዕዳ ምክንያት የምሸሸው ሰው ማን ነው? በዚህ ሳምንት ሄጄ ምን እለዋለሁ?
– “በቤቴ” ያለው ማሰሮ ምንድን ነው? ትምህርቴ፣ እጄ፣ ጊዜዬ?
– ያበደርኩት ሰው እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል? ለምን?

ጸሎት

ጌታ ሆይ፣ ያለብንን እንድንናገር ድፍረት፣ እንድንከፍል ትዕግሥት ስጠን። ያበደሩንን ባርካቸው። ከወንድማችን ጋር ያለ እፍረት በአንድ ወንበር እንድንቀመጥ አድርገን። አሜን።