ልማድ ልታስለውጪ ለምትሄጂ

ልጄ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነሽ መመደብሽን ሰማሁ፤ እሰይ! የክትባቱና የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ቀስ በቀስ ይለመድልሻል። የሚከብድሽ የሴት ልጅ ግርዛትን ማስቀረቱ ነው፤ ምክሬም ስለ እሱ ነው።

1. ልጇን የምታስገርዝ እናት ልጇን ጠልታ አይደለም። ካልተገረዘች ባል አታገኝም፣ መሳለቂያ ትሆናለች ብላ ፈርታ ነው። ፍርሃቷም ከንቱ አይደለም፤ መንደሩ በሙሉ እንዲያ በሚያስብበት እሷ ብቻዋን ብታፈነግጥ ዕዳው የሚተርፈው ለልጇ ነው። ጎረቤቷም እሷን እያየች ታስገርዛለች። ሁለቱም በሆዳቸው ባይወዱት እንኳ አንዷ የሌላዋን ሆድ አታውቅም። እንግዲህ አንዷን ለብቻዋ ቤቷ ገብተሽ ብታሳምኛት ምን ልታደርግልሽ ትችላለች?

2. ከምባታ ውስጥ የሆነውን አጥኚ። ቦጋለች ገብሬ እዚያው ተወልዳ፣ ራሷም ተገርዛ ያደገች ሴት ነበረች። አሜሪካ ተምራ ተመልሳ ከእህቷ ጋር ኬ.ኤም.ጂ. የተባለውን ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ. አቋቋመች። ያገሬው ሰው ግን መጀመሪያ የነገራት ስለ ድልድይ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ገበሬው ወደ ገበያ የሚሻገርበት ጠፍቶ። ድልድዩን አሠራች። ከዚያ በኋላ ወንድ ሴት፣ ሽማግሌ ወጣት ሳይባል አንድ ላይ ተቀምጦ የሚነጋገርበትን ውይይት ዘረጋች። በ2002 እ.ኤ.አ. አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ፣ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ በሠርግ ልብሷ ላይ አድርጋ፣ በሕዝብ ፊት ተዳረች።

ይህን ሠርግ ከመቶ ስብሰባ አስበልጠዋለሁ። ለልጁ የሰጋ አባት ያልተገረዘች ልጅ ስትዳር በዓይኑ አየ፤ ጎረቤቱም ማየቱን አየ። ልማዱን አጥብቆ የያዘው «ሌላው ምን ይለኛል» የሚለው ስጋት ነበርና፣ የላላውም ሌላው ባለበት ነው።

3. ሕጉን እወቂ፤ ግን በሕጉ አትጀምሪ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ሴትን የገረዘ እንዲቀጣ ደንግጓል። የከምባታው ሠርግ ግን ከሕጉ ቀድሟል። ሰዉ ሳያምን ፖሊስ ከመጣበት ሥራውን ወደ ሌሊት ያዞረዋል፤ የደማችውንም ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ከማምጣት ይልቅ ይደብቃታል።

4. በስብሰባ ላይ ራስ ሲነቀነቅልሽ አትመኚ። ለመንግሥት ሰው ፊት መስጠት ያለ ወግ ነው። ቁርጡ ነገር የሚወሰነው ባለሥልጣን በሌለበት ነው፤ በእድር፣ በሽማግሌ ሸንጎ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ በሚደረግ ጨዋታ። ለቅሶ የቀረን የሚቀጣ እድር ልጁን ያስገረዘንም ልቅጣ ቢል ማን ደፍሮ ይወጣል? ያለ ቀባሪ መቅረት የማይፈራ ሰው አላየሁም።

5. ባህሉን በጅምላ አታጣጥዪ። ያቺን እናት የሚያስፈራት ይሉኝታ ራሱ ነው አራስ እንድትጠይቅ ገንፎ አሲዞ የሚልካት።

6. ቡና ሲፈላ አቦሉን ብቻ ጠጥተሽ አትነሺ። የልብ ወሬ የሚመጣው ቶናው ላይ ነው፤ አንዳንዴም በረካው ላይ። ሰዎቹ በመጀመሪያው ወር የሚያነሱልሽ ስለ ግርዛት አይሆንም። ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ወባ ይሆናል። «ይህ የኔ ሥራ አይደለም» እንዳትያቸው። ጻፊው፣ ለወረዳው አድርሺ፣ መልሱ እምቢታ ቢሆን እንኳ ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው።